የሙኪ አሥራ ሦስተኛ ጎድን

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5
ሁለት ክትባት፣ አንድ የድመት ጥርስ፣ አንዲት ጥንቸል ከነባለቤቷ ለቅሶ። ከእንስሳት ክሊኒኩ ልወጣ ስል የደን ጠባቂው አቶ ብራንድል ውሻቸውን ሙኪን በኮታቸው ጠቅልለው ገቡ። አጭር እግር፣ ረጅም ወገብ… ያው ዳክል የሚሉት፣ ጉድጓድ ገብቶ የሚያድን የውሻ ዘር ነው። ጠዋት ከመኪና ዘሎ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ የኋላ እግሮቹን ይጎትታል።

የእግሩን ጣት በመቆንጠጫ ጨመቅሁ። እግሩን ሳበ።

«ይኸው! ተሰማው!» አሉ ሽማግሌው።

መሳብማ የጀርባው ነርቭ ለብቻው የሚሠራው ሥራ ነው። ጭንቅላቱ ቢሰማ ዞሮ ይነክሰኝ ነበር። ነገርኳቸው።

«አባቴም አያቴም የማይሄድ ውሻ ለሰው እጅ ሰጥተው አያውቁም፤ ራሳቸው ናቸው ተኩሰው የሚገድሉት» አሉ። «ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ፣ ልጄ።»

በቀዶ ጥገና የመሄድ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ። ነገ ቀዶ ጥገናውን የምሠራው እኔ ነኝ… እኔ!

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6


ምስሉ የፈነዳው ዲስክ፣ ያ የአከርካሪ አጥንቶች ትራስ፣ በአሥራ ሁለተኛውና በአሥራ ሦስተኛው የደረት አከርካሪ መካከል ነው ይላል። ውሻ በየጎኑ አሥራ ሦስት ጎድን አለው፤ ሁላችንም የመጨረሻውን በጣት ዳስሰን ከዚያ ነው የምንቆጥረው። ዳሰስኩ፣ ቆጠርኩ፣ አጥንቱን በጎን ሰርስሬ መስኮት ከፈትኩ። ነርቩ ንጹሕ! የፈነዳ ነገር የለም። የታለ?

አለቃዬ ሬናተ ከጭምብሏ በላይ ገረመመችኝ። «አጥንቱን ነው የቆጠርሽው ወይስ ልማድሽን?»

ለምልክት አጥንቱ ላይ መርፌ ተክለን እዚያው ራጅ አነሳን። ጉድ! መጨረሻ ካልኩት ጎድን ኋላ ሌላ አለች… የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ጣት የማያገኛት። አሥራ ሦስተኛዋ እሷ ናት! በአንድ አጥንት ወደ ፊት ስቼ ነበር።

ወደ ኋላ ወርጄ ሰረሰርኩ። የፈነዳው ዲስክ ወጣ! እንደ ደረቀ የጥርስ ሳሙና እየተፈረፈረ። የተጨፈለቀው ነርቭ ቀስ ብሎ ቦታው ሲመለስ አየሁት። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«አፍሽን ዝጊና ስፊ» አለች ሬናተ።

ለአቶ ብራንድል ደውዬ ስህተቴን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ስል… «ሁለት በር ከፍተሽለታላ! ዳክል እንደሁ ሁለት በር ያለው ጉድጓድ ይወዳል» አሉ። ድምፃቸው ግን ደህና አልነበረም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11
ምንም። ሆዱን ተጭኜ ሽንቱን አወጣለታለሁ። ስቆነጥጠው እግሩን ይስባል፣ አይዞርም። ያ በከንቱ የከፈትኩት መስኮት ጎድቶት ይሆን? ምነው እጄን በቆረጠው…

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14
ነከሰኝ!!! ጣቱን ስጨምቅ ዞሮ አውራ ጣቴን ግጥም! ደም በደም ሆንኩ። እየሳቅሁ አለቀስኩ።

«አበደች» አለች ሬናተ፣ ፕላስተር እየወረወረችልኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19
ሁለት ሳምንት ሞላ። አቶ ብራንድል ኮሪደሩ ጫፍ ቆሙ። ሙኪን መሬት አስቀመጥኩት። ተነሣ። ወደቀ። ደግሞ ተነሣ… እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ፣ በአራት እግሩ፣ እሳቸው ዘንድ ደረሰ! ሽማግሌው ተንበርክከው ፊታቸውን ሁሉ ሲያስልሱ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ።

ከዚያ ወጡና በራችን ላይ ካለው ጥድ ቅርንጫፍ ሰብረው ተመለሱ። በአዳኞች ዘንድ ቆስሎ የጠፋ አውሬ ያገኘ ውሻና ጌታው የሚሸለሙት እሱን ነው። ለሁለት ከፈሉት። አንዱን ሙኪ አንገት ላይ፣ ሌላውን እኔ የቀዶ ጥገና ቆብ ላይ ሰኩት።

«ወግ ነው። ፀሐይ እስክትጠልቅ አታወልቂውም» አሉኝ።

ፀሐይ ከጠለቀች ቆየች። አላወልቀውም!