የወይዘሮ ማዕረግ ጢም እና የባሕሩ ገንዘብ

ነሐሴ 24 ቀን 2007 ዓ.ም.
ደባርቅ

ለተከበሩ አቶ አለምነህ ያርጋል
የ«ሊማሊሞ ጮራ» ጋዜጣ ሥራ አስኪያጅና ዋና አዘጋጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ከሞምባሳ ከተመለሱ ወዲህ የደባርቅ ብርድ አልስማማ ብሎዎት አንገትዎን በሁለት ፎጣ ጠቅልለው እንደሚውሉ ስለ ሰማሁ፣ የውቅያኖስ ነፋስ የለመደ ገላዎ በእኛ ቁር እንዳይጎዳ እኔም ጎረቤቶቼም ሳናሰልስ እንጸልያለን።

የትናየት ልደቱ እባላለሁ። በጋዜጣዎ አራት ዓመት በሪፖርተርነት ስሠራ ስሜ ከጽሑፎቼ ግርጌ እየተንሸራተተ ስለሚወድቅ፣ በዚያ ምትክም የእርስዎ ስም ስለሚገኝ፣ ምናልባት ባያስታውሱኝ አልቀየምም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ያደረጉልኝን ውለታ በተራ በተራ አንሥቼ በአደባባይ ለማመስገን ነው። በጓዳ የተደረገ ውለታ በጓዳ ሲመሰገን ክብሩ ይቀንሳልና።

አንደኛ፤ ስለ ላሟ አመሰግናለሁ። በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ ባለቤታቸው ሞተውባቸው ሁለት ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉት የዛሪማዋ ገበሬ የወይዘሮ ማዕረግ ካሣ አንዲት የወተት ላም ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። ጎረቤት ተሰብስቦ ሆዷን ሲከፍተው ከውስጡ የወጣው አንድ እንቅብ ሙሉ ፌስታል ነበር፤ ከአንዱ ፌስታል ላይም የደባርቅ ዳቦ ቤት ስም ይነበብ ነበር። እኔ ይህን ሰምቼ ሊማሊሞን በዝናብ ሦስት ጊዜ ወረድኩ። እኛ የደባርቅ ሰዎች ከከተማው ጀርባ ወደ ገደሉ የምንጥለው ቆሻሻ፣ የገዛ ቤቴም ቆሻሻ ጭምር፣ በክረምት ጎርፍ እየተገፋ ዛሪማ እንደሚወርድ በዓይኔ አየሁ። ከብት ያልበላው ወደ ተከዜ ይገባል፣ ተከዜ ሱዳን ወርዶ ከአባይ ይገናኛል፣ አባይም ባሕር ይገባል። ከዚያ በኋላ «የዛሪማ ላምና የባሕሩ ዓሣ የሚሞቱት በአንድ ፌስታል ነው» ብዬ ጽፌ አመጣሁልዎ። እርስዎም ወረቀቱን በሁለት ጣትዎ ይዘው፣ «የትናየት፣ ላም ሞተች ተብሎ ዜና የለም። ላም ሁልጊዜም ትሞታለች» በማለት አስተማሩኝ። ትምህርቱ እስከ ዛሬ አልጠፋብኝም።

ሁለተኛ፤ ስለ ማኅተሙ አመሰግናለሁ። በጥቅምት ወር «ሰፊ ማዕበል» የተባለ የናይሮቢ ድርጅት፣ ስለ ባሕር ጥበቃ ለሚዘግቡ ጋዜጠኞች የገንዘብ ድጋፍ እንደሚሰጥ፣ ባሕር ከሌላቸው አገሮች የሚያመለክቱትንም በደስታ እንደሚቀበል፣ በአማርኛ ለሚጽፉም አስተርጓሚ እንደሚመድብ አስታወቀ። እኔም ዘጠኝ ቀን ቁጭ ብዬ ማመልከቻውን ከነናሙና ዘገባው አዘጋጀሁ። የጎደለኝ የመሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። እርስዎ መነጽርዎን አውልቀው ጸሐፊያችን ሸጊቱ ደንግጣ እስክትገባ ድረስ ሳቁ። «ልጄ፣ ከዚህ እስከ ምጽዋ ስንት ተራራ እንዳለ ታውቂያለሽ? ባሕር የሌለው ሰው ስለ ባሕር ቢያወራ ዓለም ይስቅብናል። ለማንኛውም ትተሽው ሂጂ፣ አየዋለሁ» አሉኝ።

ትቼው ሄድኩ፤ እርስዎም አዩት። ደግመው ደጋግመው ሳያዩት እንዳልቀሩ አሁን ነው የገባኝ። ማመልከቻው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ብጠይቅዎ «ማኅተሙ ዳባት ነው» አሉኝ። ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረውም ማኅተሙ ዳባት ነበር። በእነዚያ ቀናት ዳባት ለምን ጉዳይ እንደ ሄደ፣ ማን ቤት እንዳደረ፣ በምንስ እንደ ተመለሰ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም፤ ብቻ መሄዱን አምኜ ነበር። አለቃዬ ነዎትና አመንኩዎት።

ሦስተኛ፤ ስለ ሻንጣው። በጥር ወር «ለሥልጠና» ወደ ሞምባሳ ሲሄዱ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ መናኸሪያ ድረስ ሸኘዎ። ሻንጣዎን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። የገዛ ጽሑፌን ተሸክሜ ለሌባው ማቀበሌን፣ ይቅርታ፣ ለክቡርነትዎ ማቀበሌን ያን ጊዜ አላወቅሁም። «በሰላም ይመልስዎ» ብዬም መርቄዎ ነበር። ያቺ ምርቃት ከአፌ ስለ ወጣች ብቻ ተውኳት እንጂ ብትመለስልኝ ደስታዬ ነበር።

አራተኛው ረዘም ይላል፤ በትዕግሥት ያንብቡልኝ።

በሚያዝያ ወር ለሌላ ሥራ ዳባት ወርጄ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ መምህር ከአዲስ አበባ የመጣ መጽሔት ይዞ «የአገራችሁ ሰው ጉድ ጽፏል» ብሎ ሰጠኝ። ቆሜ አነበብኩት። ጎርፉ የእኔ ነው፣ እንቅቡ የእኔ ነው፣ ላምና ዓሣ በአንድ ፌስታል መሞታቸውም የእኔ ነው። ከላይ ግን «በአለምነህ ያርጋል፣ በሰፊ ማዕበል ድጋፍ» ይላል። መጽሔቱን ከመምህሩ ለምኜ ወሰድኩ።

እርስዎ የጨመሩበት አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር። እኔ በማመልከቻዬ ላይ «አርሶ አደር ማዕረግ ካሣ እንዲህ ብለዋል» ብዬ በአንቱታ ጽፌ ነበርና፣ አንቱታ ደግሞ ወንድና ሴት አይለይምና፣ እርስዎም ዛሪማን ከሊማሊሞ አናት ቁልቁል ከማየት በቀር ወርደው አያውቁምና፣ እንዲህ ብለው አስፍረዋል፦ «አቶ ማዕረግ የሸበተ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ ዓይናቸውንም ወደ ሩቅ ወርውረው፣ ‹ልጄ አለምነህ፣ ባሕሩን አድንልን› አሉኝ።»

ከዳባት እስከ ደባርቅ በሚኒባሱ ውስጥ ነጠላዬን ተከናንቤ አለቀስኩ። ደባርቅ ልንገባ ስንል ግን ጢሙ ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ፤ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ የታመምኩ መስሏቸው አማተቡ። ከዚያ ሳቅ በኋላ ነው በቀል የሚባለው ነገር ልቤ ውስጥ አልጋ አንጥፎ የተኛው።

በማግስቱ ዛሪማ ወርጄ መጽሔቱን ለወይዘሮ ማዕረግ አነበብኩላቸው። በረት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አዳመጡኝ። ስጨርስ፣ «ላሚቱ የሞተችብኝ እኔ፣ በዝናብ የተመላለስሽ አንቺ። ይሄ ጢም የማን ነው?» አሉኝ። የማን እንደ ሆነ ነገርኳቸው። «ሰውየው ከሰው ፊት የሚቆምበት ቀን አለ?» ሲሉኝም አለ አልኳቸው፤ ድርጅቱ ሥራውን ሊጎበኝ በሰኔ እንደሚመጣና በእኛ አዳራሽ ስብሰባ እንደሚደረግ ሸጊቱ ሹክ ብላኝ ነበርና።

ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን እርስዎ ምን ያህል እንዳማረብዎ ለመመስከር ቃል ያጥረኛል። ከናይሮቢ የመጡት እንግዳ በፊተኛው ወንበር ተቀምጠው፣ የእንግሊዝኛ መምህሯ ሕሊና እየተረጎመችላቸው፣ እርስዎ ከመድረኩ ላይ ስለ ማዕበልና ስለ ዓሣ ነባሪ ሲናገሩ፣ እውነትም ባሕር አይቶ የመጣ ሰው ይመስሉ ነበር። እንግዳዋ ንግግርዎ ሲያልቅ፣ «ከሁሉም በላይ ልቤን የነኩት አቶ ማዕረግ ናቸው፤ ላገኛቸው እችላለሁን?» ብለው ጠየቁ። እርስዎም ዓይንዎን ሳያሹ፣ «አቶ ማዕረግ እርሻ ላይ ስለሆኑ አልተመቻቸውም፤ ትናንት አግኝቻቸው ሰላምታ ልከዋል» ብለው መለሱ።

ወይዘሮ ማዕረግ ከኋላ ወንበር ተነሡ። ነጭ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ማዕረግ ካሣ እኔ ነኝ» አሉ። «ጢሜን ዛሬ ጠዋት ተላጭቼ ነው የመጣሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ሲናወጥ ሕሊና መተርጎም አቅቷት አፏን በእጇ ያዘች። እንግዳዋ ግን አልሳቁም። በተተረጎመላቸው ጊዜ ወደ ወይዘሮ ማዕረግ ዞረው፣ «እኚህ ሰው ቤትዎ የመጡት መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እሳቸውን ገና ዛሬ ማየቴ ነው። እኔ ዘንድ የመጣችው ይቺ ልጅ ናት። ሦስት ጊዜ መጣች፤ አንዱን ቀን ጎርፍ መልሷት እኔው ቤት አደረች። ከላሚቱ ሆድ የወጣውን አይታ ያልሸሸች እሷ ናት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። በእጄ የያዝኩትን የእጅ ጽሑፌን፣ የዝናብ ነጠብጣብ ያለበትን ደብተር፣ ለሕሊና ሰጠኋት። እርስዎ በዚያን ሰዓት ውኃ ለመጠጣት ብለው ከመድረኩ ወረዱ፤ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ጠበቀዎ፣ እርስዎ ግን እስከ ማግስቱ ድረስ ውኃ ሲጠጡ ቆዩ።

አምስተኛ፤ በሳምንቱ «በሥነ ምግባር ጉድለት» ከሪፖርተርነት አንሥተው መዝገብ ቤት ስላስገቡኝ አመሰግናለሁ። ያለዚያ በገዛ ፈቃዴ ለመልቀቅ ድፍረቱን አላገኝም ነበር።

ድርጅቱ ስምዎን ከዝርዝሩ ሰርዞ የቀረውን ድጋፍ እንደ ከለከለዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ለእኔም ደብዳቤ ጽፎልኛል፤ የዚያ ዓመት ዙር ስለ ተዘጋ ድጋፉን ወደ እኔ ማዞር እንደማይችል በትሕትና ገልጿል። ስለዚህ ባሕሩን እርስዎ አዩት፣ እኔ አላየሁትም፤ ይህን ያህሉን አሸንፈውኛል። እርስዎ አሁንም በወንበርዎ ላይ ነዎት፤ መጽሔቱም እስከ ዛሬ ማረሚያ አላወጣም።

በፍልሰታ ለነፍስ አባቴ ለቄስ ወልደ ሩፋኤል በቀል በልቤ እንዳለ ተናዘዝኩ። «ይቅር በይው» አሉኝ። «አባቴ፣ አልቻልኩም» አልኳቸው። እሳቸውም፣ «እንግዲያውስ መጀመሪያ በደሉን ይወቀው። ያላመነውን በደል ይቅር ብትዪለት ምኑን ይቀበልሻል?» አሉኝ። ይህ ደብዳቤ እንግዲህ በደልዎን ያውቁ ዘንድ የተጻፈ ነው። ይቅርታው ሲደርስ በሌላ ፖስታ እልክልዎታለሁ፤ እስካሁን አልደረሰም፤ እውነቱን ለመናገርም አላቻኮልኩትም።

ለመጪው ዙር እንደገና አመልክቻለሁ። የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፉልኝ የዛሪማ ሰዎች ናቸው፤ ማኅተም ስለሌላቸው አርባ ሦስት ሰዎች በጣት አሻራና በፊርማ አጽድቀውታል። በመጀመሪያው መስመር ላይ ወይዘሮ ማዕረግ ናቸው፤ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ነው የተጫኑት።

ረጅም ዕድሜና ሰፊ ጊዜ እየተመኘሁልዎ፣ ያም ጊዜ የሠሩትን አንድ በአንድ ለማስታወስ እንዲበቃዎ እየጸለይኩ፣ ከማይበርድ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የትናየት ልደቱ
የ«ሊማሊሞ ጮራ» የቀድሞ ሪፖርተር

ግልባጭ፦
ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለአምባ ጊዮርጊስ መናኸሪያ ግድግዳዎች
ለዛሪማ ገበያ፣ ጮክ ብሎ ለሚያነብ ሰው

ማሳሰቢያ፦ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ከገደሉ አፋፍ ፌስታል ሊለቅም ተስማምቷል። ከእርስዎ ቤት ፊት ለፊት ስለምንጀምር በጩኸታችን እንዳንቀሰቅስዎ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፎቶግራፍ አንሺ ስላልጠራን ይመጣሉ ብለን አንጠብቅዎም፤ ተረጋግተው ይተኙ።