ናፍቀኸኛል በልልኝ

ኅዳር 14 ቀን 1974፣ መካነ ኢየሱስ

ዛሬም ስልክ ማዞሪያው ላይ ገመድ ስሰካና ስነቅል ዋልኩ። ጉሮሮዬ ተዘግቷል። ድምፁ ደብረ ታቦርን ካለፈ በኋላ ካልጮኹ አይሰማም። ሊደውል የሚመጣው ካድሬ ግን የሚገላምጠው እኔን ነው፤ ሽቦውን እኔ የዘረጋሁት ይመስል። አውቶማቲክ ስልክ ሲመጣ ሰው በቀጥታ ይነጋገራል፣ አንተም ታርፋለህ ይሉኛል። ይምጣ! ሁለት ሰው ሲያወራ ሦስተኛ ምን ያደርጋል?

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ከገጠር መጡ። ልጃቸው አስመራ ወታደር ነው። መስመሩን አገኘሁላቸው፤ ግን አንዱ ሌላውን አይሰማም። እኔ በማዳመጫዬ ሁለቱንም ስለምሰማ መሀል ገባሁ።

«ናፍቀኸኛል በልልኝ» አሉኝ።

«ናፍቀኸኛል!» ብዬ ጮኽኩ። እዚህ ከተመደብኩ ጀምሮ ይህ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

«እኔም ናፍቀሽኛል፣ እናትዬ። ደህና ነኝ፤ አታስቢ» አለ ልጁ፣ እጆሮዬ ውስጥ። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ግን ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ለእኔ ማንም እንዲህ ብሎ ደውሎ አያውቅም።

እናትየው እጅጌዬን ጎተቱ።

«ምነው ልጄ፣ ዝም አልክ? ምን አለ?»

ለካ ለእሳቸው ሳልነግራቸው ቆይቻለሁ።