ቀዩ ክብና የበሬዬ ቀንድ

ጥር 4 ቀን 1974
ቃሉ የእኔ የኮአንግ ነው፣ እጁ የባለሱቁ የፈረጅ። ዛሬ ዓሣ ሸጥኩ። ሌላ ምንም... አዎ፣ ካርታ የያዘ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቷል። መንገድ ምራው አሉኝ። እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል? ፈረጅ ሳቀ። ሳቅህንም ጻፍ አልኩት።

ጥር 6
ባለሙያው ኮምፓሱን ጋምቤላ ላይ ተክሎ ቀይ ክብ አዞረ። ክቡ የድንበሩ ወንዝ ጋ ያልቃል።
«አባባ፣ ውስጥ ያለው ቅርብ ነው፣ ወዳጅ ይሆናል። ውጭ ያለው ሩቅ ነው፣ ባዕድ። የአገሮች ግንኙነት እንዲህ ይጠናል።»
ልጄ ኛሩአችስ? ወንዝ ማዶ ሱዳን፣ ባሏ ቤት ናት። ነፍሰ ጡር። እኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናቲቱ አባት ቤት ነው። መምጣት አለባት። «ፈቃድ ያስፈልጋታል» አለኝ። ልጄ ባዕድ!
«ዝምድና በሜትር ይለካል? ዘመድ ያለበት ሁሉ ቅርብ ነው!»
«ታዲያ መቼ ሄደው አዩዋት?»
ካየኋት ሁለት ዓመት... የባሏ አባት ኩን፣ በሠርጉ ቀን፣ በእጄ ቀርጬ ጎብጦ እንዲያድግ ያሳመርኩትን የበሬዬን ቀንድ «በራሱ የጠመመ ነው» አለ። በሰው ፊት!
ፈረጅ፣ ይህን አትጻፍ። ብዕሩ ግን አላቆመም።

ጥር 11
ወንዙ ዳር ደረስን። ባለሙያው በመነጽር ማዶ የኛሩአችን መንደር ፈለገ። ጎጆ እንጂ ሰው የለም። በጋ አይደል? ከብት ሣር ይከተላል፣ ሰው ከብቱን። የሰፈሩበት ጭስ ከኋላችን ነው፣ በእኛ በኩል። ባዕዱ ሁሉ ክቡ ውስጥ ገብቶ ዓሣ ይጠብሳል! ባለሙያው ካርታውን ገለበጠው። ቢገለብጠውስ?
ከሰፈሩ መሃል ኛሩአች አየችኝ፣ አልመጣችም። ኩን ከፊቷ ቆሟል። «ምራቴን የሚፈልግ ራሱ ይምጣና ይጠይቀኝ» ብሏል አሉ።
ባለሙያው በጆሮዬ፣ «ስንት ሜትር ነው አባባ?»
ስድሳ እርምጃ። ከጋምቤላ እስከዚህ ከመጣሁት ይከብዳል... ሄድኩ።
«በሬህ እንዴት ነው?» አለ ኩን።
«እንደጠመመ ነው።»
ሳቀ። እኔም... ትንሽ።

የካቲት 3
ሴት ተወለደች፣ እኔ ቤት። ኩን ደጄ ላይ ያድራል፣ ያንኮራፋል። ባለሙያው ሊሰናበት መጣ። ክቡን በላጲስ አጥፍቶታል፣ ቅላቱ ግን ይታያል።
«አሁን ምን ብዬ ልጻፍ አባባ?»
«መጀመሪያ ማን ማንን እንደተቀየመ ጠይቅ።»
ፈረጅ፣ ያ አትጻፍ ያልኩህ የበሬው ነገር... ጽፈኸው ከሆነ አትሰርዘው።