አራት ቀይ ነጥቦች

ሐሙስ ጠዋት፣ ጥቅምት 14

ለምወድሽ ልጄ፣ ለፌንጣዬ፦

እንዴት ነሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ «ደህና ነን» ማለት ስለታከተኝ ነው። ስልክ ላይ ውሸት ለምዶብኛል። «አባባ የት ሄደ?» ስትዪኝ «አሁን ወጣ» የሚለው ቃል ሳላዘው ከአፌ ያመልጣል። ወረቀት ላይ ግን እጄ እሺ አይለኝም። ሠላሳ ዓመት የሰው ልክ ሲጽፍ የኖረ የልብስ ሰፊ እጅ ነው፤ አንድ ቁጥር ከዋሸ ጨርቁ ይበላሻል። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ አክስትሽ ናት። አብራ የምትሰጥሽን ትንሿን ጥቅል አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳትፈቻት። ችኩል እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ግን ለዛሬ እንኳ እናትሽን ስሚ።

ባለፈው እሑድ የላክሽው ፎቶ ደርሶናል። አዲሱ አምፕሊፋየርሽ፣ ድምፅ ማጉያ ሳጥንሽ ላይ ጉብ ብለሽ፣ ጊታርሽን ታቅፈሽ፣ ሳቅሽ ከፊትሽ ሰፍቶ። ከሥሩ «አባባን አሳዪው፤ ቁርጥ አባቷን በሉኝ!» ብለሻል። አሳየሁት። ስልኩን ተቀበለኝና ወደ መስኮቱ ሄደ። በሁለት ጣቱ ፎቶውን አሰፋው። ፊትሽን ሊያይ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ፊትሽን አልፎ ወደ ሳጥኑ ወረደ፣ ወደ ማዞሪያዎቹ፣ አጠገባቸው ወደቀባሻቸው ቀይ ነጥቦች። እዚያ ላይ ቆየ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋው። እኔ ሞኟ ደስታ መስሎኝ «እንኳን ደስ አለህ፣ ራስህን ወለድክ» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና ወጣ። ምሳ አልበላም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። አባትሽ አይሰማም።

«ጆሮው ትንሽ ደከም ብሏል» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። አልደከመም፤ ሄዷል። ፊት ለፊቱ ቆሜ ቀስ ብዬ ካልተናገርኩ አይገባውም፤ የሚያነበው ከንፈሬን ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል የሐሜት ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እንዲህም ያለ ባዳነት አለ።

የጀመረው አንቺ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሽ ነው። ያቺን ጥቁር የእጅ ሰዓቱን ታስታውሻታለሽ፣ ጠዋት ጠዋት ጢጥ ጢጥ እያለች ቤቱን ሁሉ የምትቀሰቅሰውን? አንድ ቀን ጨርቅ እየቆረጥኩ ሳለ መጮህ ጀመረች፤ የሚያጠፋት ጠፋ። ገብቼ ሳይ ትራሱ ላይ፣ ጆሮው ሥር ሆና ትጮኻለች፤ እሱ ዓይኑን ገልጦ ጣሪያ ያያል። «አትሰማትም እንዴ?» አልኩት። አነሣት፣ ገልበጥ አድርጎ አያትና «ባትሪዋ አልቋል» አለኝ። እጁ ውስጥ እየጮኸች! ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። በማግስቱ ሄዶ አዲስ ባትሪ አስገባላት። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ አስገባላት። ያኔ መሳቄን ተውኩ።

ሐኪም ዘንድ ጎትቼ ወሰድኩት። ሐኪሙ ብዙ አላወራም። «ጆሮ ውስጥ ያሉት ስስ ፀጉሮች አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም» አለን። «መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከጩኸት ከራቁ የቀረው ይተርፋል።» አባትሽ አመስግኖ ወጣና በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ልምምድ ገባ። «ጊታሩን ትቼ ምን ልሁን? መርፌ ላይ ክር ላስገባልሽ?» አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ መንገድ ላይ መጮህ ነበረብኝ። እኔ ግን አብሬው ደበቅኩ።

አሁን ወደ ነጥቦቹ ልምጣ። አንድ ቀን የአባትሽን ሳጥን ስወለውል ቀጭኑን ድምፅ የምታጎላዋን ማዞሪያ፣ እናንተ ትሬብል የምትሏትን፣ ነካክቼበት ኖሯል። ቦታዋ ከአሥሩ ቁጥር አምስት ላይ ነበር። ድሮ ቢሆን የጊታሩን ክር አንዴ ነካ አድርጎ በጆሮው ይመልሳታል። ያን ቀን ግን ሲያዞራት ሲያዞራት ቦታዋ ጠፋውና ቤቱን በጩኸት አናጋው። የጥፍር ቀለሜን አመጣሁና አምስት ላይ ቀይ ነጥብ አደረግኩለት። ነገሩ ይኸው ነው፣ ልጄ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ከሁለት ዓመት በኋላ «ክሩ ታፈነብኝ» ብሎ ስድስት ተኩል ላይ ወሰዳት። ሁለተኛ ነጥብ። ከዚያ ስምንት። ከዚያ ዘጠኝ። ድምፁ ይሸሻል፣ እሱ ይከተላል፣ እኔ ቀለሜን ይዤ ከኋላ።

የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ጆሯቸውን ሲይዙ በዓይኔ አይቻለሁ። ኋላ አንዱ ጋዜጣ ላይ «ብርጭቆ የሚሰነጥቅ ድምፅ» ብሎ ጻፈና ጆሮ መያዙ ቀርቶ ጭብጨባ ሆነ። ጋሽ ብርጭቆ የሚለው ስም የወጣለት ከዚያ ወዲህ ነው። ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ መጫወት የጀመረውም ያኔ ነው። ኩራት አልነበረም። ጆሮው የነፈገውን ከሳጥኑ ንዝረት በአጥንቱ ሊለቅም ነበር።

አምና «ወገቤን» ብሎ መድረክ ከተወ ወዲህ ቤታችን ተሳላሚ አያጣም። ጊታር ያዘሉ ወጣቶች ሁለት ሦስት እየሆኑ ይመጣሉ። «ማዘር፣ ሳጥኑን አንዴ ብቻ አይተነው እንሂድ?» አንዱ ሜትሬን ተውሶ ከወለሉ እስከ መቀመጫው ድረስ ለካው። ሌላው የጫማውን ጫፍ አባትሽ ጫማውን በሚያሳርፍበት ቦታ ላይ አስተካክሎ ቆመ። ስለ ነጥቦቹ ሲጨቃጨቁ ልብስ እየሰፋሁ እሰማቸዋለሁ።

«አራቱ ነጥብ ለአራት ዓይነት ዘፈን ነው።»

«ባክህ አትቀደድ! ለአራት ዓይነት አዳራሽ ነው፤ ትልቅ ሲሆን ወደ ላይ ነው የሚሄደው። አይደለም፣ ጋሼ?»

አባትሽ መሃላቸው ተቀምጦ ለሁለቱም ራሱን ይነቀንቃል። እነሱም «አያችሁ፣ ምሥጢሯን አይናገራትም!» ተባብለው በአድናቆት ይተያያሉ። አንዱማ የጥፍር ቀለሙን ዓይነት ጠይቆኝ በማስታወሻው ጻፈ። ሳቄ መጣ፤ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

አልፈርድባቸውም። እኔስ ጋ ሙሽሮች የሌላ ሴት ፎቶ ይዘው እየመጡ «ልክ እንደዚችኛዋ አድርጊልኝ» አይሉኝም? ልብሱን እሰፋላታለሁ፤ ወገቡን ከየት አመጣላታለሁ? የሚያደንቁት ሰው እጅ አይገዛም፤ የለፋበት ዘመንም አይገዛም። የሚገዛው ሳጥኑ ነው። ስለዚህ ሳጥኑን ይሳለማሉ። ያንቺ ግን እንደነሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አባትሽ ከሄድሽ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁን ነፈገሽ፤ አንቺም ሳጥኑን ገዝተሽ ላዩ ላይ ተቀመጥሽ። ይህ ናፍቆት ነው።

አባትሽ ግን አልነፈገሽም። የሄድሽበትን ሳምንት አስቢው። «ከሳጥኑ ላይ ውረጂ! ሌላ ሙያ ያዢ!» ብሎ ሲቆጣሽ የናቀሽ መሰለሽ። ከዘጠኝ ዓመትሽ ጀምሮ ከዚያ ሳጥን ሥር አለመጥፋትሽን እያሰበ፣ ለጆሮሽ ፈርቶ ነበር የተቆጣው፤ ምክንያቱን ግን ሊነግርሽ አፈረ። አንቺ ከኋላው ቆመሽ «ትቀናብኛለህ!» ብለሽ ጮህሽ። እሱ ጀርባውን እንደሰጠሽ ክሩን መቃኘቱን ቀጠለ። ዝምታውን መልስ አደረግሽውና ሻንጣሽን አነሣሽ። ልጄ፣ እሱ አልሰማሽም። እንደዚያ ማለትሽን እስከ ዛሬ አያውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ።

አምና በልደቱ ቀን በስልክ ስትጫወቺለትም፣ መሃል ላይ «ጥሩ ነው፣ ጎበዝ» ብሎ አቋረጠሽ። ሁለት ቀን ስታለቅሺ እንደሰነበትሽ አክስትሽ ነግራኛለች። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ፊቴን ነበር የሚያየው። እንባዬን ሲያይ ዘፈኑ ያለቀ መሰለው።

ለምን አልነገርሽኝም ትዪኛለሽ። አስምሎኛል። «ልጄ እንደ ጋሽ ብርጭቆ ታስበኝ፤ እንደ ደንቆሮ አታስበኝ» አለኝ። እኔም መሐላውን ጠበቅኩ። ውሸቴ አንቺን ከማሳዘን ሌላ የሚጎዳሽ አልመሰለኝም ነበር፤ ይህ ፎቶ እስኪመጣ።

ትናንት ከምሳ በኋላ የስፌት መኪናዬ ላይ እንዳለሁ መጥቶ ትከሻዬን ነካኝ። ስልኩን ይዟል፤ ፎቶሽን እንዳሰፋው ነው።

«ነጥቦቹን ቁጠሪ» አለኝ።

ቆጠርኩ። አምስት፣ ስድስት ተኩል፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። አራቱም በቦታቸው፤ የኔ እጅ ያደረጋቸው ይመስላሉ።

«ማዞሪያዋስ የት ናት?»

አየሁ። ከአራቱ በአንዱም ላይ አልነበረችም። ዘጠኝን አልፋ አሥር ላይ ጥግ ይዛለች።

«አራቱን ከእኛ ወሰደች» አለ። «አምስተኛውን ማን ሰጣት?»

ከዚያ አለቀሰ። ድምፁ ለራሱ ስለማይሰማው ለቅሶውን አይመጥነውም፤ ጎረቤቶቻችን ሰው የሞተብን መስሏቸው በር አንኳኩ። ምን ልበላቸው? «ወገቡን አሞት ነው» አልኩ። ያው እንደለመድኩት።

ካለፈው ወር ጀምሮ ስልክ ስደውልልሽ «እማ፣ ጮክ በይ፣ መስመሩ ይታፈናል» ትዪኛለሽ። መስመሩን ስረግም ከረምኩ። አክስትሽ ስትደውልልሽም እንደዚያው ትያት እንደሆነ ዛሬ ጠየቅኳት። «እኔም መስመሩ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ እኛ ደስ እንዲለን ብለሽ እንዳትመልሺልኝ። ማዞሪያዋን አምስት ላይ መልሻትና አንድ ክር ምቺ። ጥርት ብሎ ከተሰማሽ እሰየው፤ ሞኝ ወላጆችሽ በከንቱ ተሸብረዋል፣ እስኪበቃሽ ሳቂብን። «ታፈነብኝ» ካልሽ ግን ጊታሩን እዚያው አስቀምጪና ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ በማግስቱ አይደለም፣ ያኔውኑ። ሥራዬስ፣ ባንዱስ፣ የተዋዋልኩትስ እንዳትዪ። አባትሽም እንደዚያው እያለ ነው ዘጠኝ የደረሰው። እኔ ለሱ ቀለም ከማቀበል ማዞሪያዋን ብሰብርበት ኖሮ ዛሬ ድምፅሽን ይሰማው ነበር። ላንቺ ግን አላቀብልም። ብትጠዪኝም አላቀብልም።

እሱ ከእንግዲህ መደበቁን ትቷል፤ ይህን እንድጽፍልሽ የላከኝ ራሱ ነው። የምትነግሪው ነገር ካለሽ ጻፊለት። ያን በጀርባው የጮህሽበትን እንኳ ቢሆን ጻፊለት፤ ይቻለዋል።

የአባትሽን እጅ ውረሺ፣ ጆሮውን አትውረሺ። የእኔን ዓይን ውረሺ፣ ዝምታዬን አትውረሺ። የወሰደሽ መንገድ በጤና ይመልስሽ፤ በር ላይ ስንሳሳም የምልሽን ሳትቀንሺ ለመስማት ያብቃሽ። አሜን በይ።

የምትወድሽ እናትሽ

ጥቅሏን አሁን ፍቻት። የአባትሽ ሰዓት ናት፤ ከእጁ ፈትቶ የሰጠኝ ራሱ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንድትጮህ አድርጊያትና ትራስሽ ላይ አስቀምጫት፤ ቀድመሽ ነቅተሽ ዓይንሽን ከሷ ላይ ሳትነቅዪ ጠብቂያት። እኔ ዛሬ ጠዋት ጓዳ ሆኜ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ጥርት ብላ ሰምቻታለሁ። ባትሪዋን ትናንት ነው የቀየርኩት። እና ልጄ፣ አንድ ሰዓት ሞልቶ ዝም ካለችብሽ፣ ባትሪዋ አልቋል እንዳትዪ።