ቀሚሴ ላይ የተሰፋው ኮት

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ጣቴን ከሰው ኮት ጋር ሰፍቼ ደሜ ሲንጠባጠብ እንኳ አላወቅኩም ተብሎ የተወራው ሐሰት ነው። የተሰፋው ጣቴ ሳይሆን የቀሚሴ ጠርዝ ነው። ደም የሚባል ነገር አልነበረም። ወሬም ቢሆን ልኩን ይዞ ቢወራ ምን አለበት!

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽንስ ያ ሳል ለቀቃቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ። ምክንያቱን በየተራው እነግርሻለሁ፤ ከእንግዲህ ሁሉንም ነገር የማደርገው በየተራው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአንድ ደንበኛዬን ኮት እጅጌ ሳሳጥር እሱ እዚያው ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ባለካውያው፣ የሰፋሁትን ልብስ ሁሉ የሚተኩሱልኝ፣ እንደ እኔው ብቻቸውን የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ በሩ ላይ ቆሙና አንድ ነገር ጠየቁኝ። ጆሮዬን ሰጠኋቸው፤ እግሬ ግን ከስፌት መኪናዬ መርገጫ ላይ አልተነሣም። ምን ልመልስ ስል ስፌቱ አለቀ። ብድግ ስል ኮቱም አብሮኝ ብድግ አለ። ደንበኛው "እትዬ፣ ኮቴን ይዘውት ሊጠፉ ነው?" ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ባለካውያው ግን አልሳቁም፤ ተንበርክከው ክሩን ይተረትሩልኝ ጀመር።

ልጄ ይህን ስትሰማ፣ "በቃ እማዬ! መኪናዋ ትሸጥ፣ አንቺም እኔ ዘንድ ግቢ" አለች። አንቺም እንደደገፍሻት ሰምቻለሁ፤ ቅር ብሎኛል፣ አልደብቅሽም። ያለ መኪናዬ የሰው ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ምን ልሠራ ነው? ቴሌቪዥን ልጠብቅ? "ሐኪም ይየኝ፤ በሽታ ነው ከተባለ የሱቁን ቁልፍ በገዛ እጄ አስረክብሻለሁ" አልኳት። ተስማማን።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ሽቦ የበዛበት ቆብ አጠለቀችልኝ። የቆቡ ስፌት የችኮላ ነው፤ ነግሬያታለሁ። "እማማ፣ ከመቶ ጀምረው ሦስት ሦስት እየቀነሱ ይቁጠሩልኝ" አለችኝ። ሳልሳሳት ቆጠርኩ። ቀጥላ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጠረጴዛውን መታ እንዳደርግ ነገረችኝ፤ እሱንም አንድ ሳላስቀር አደረግኩ። ሁለቱን ባንዴ ስትለኝ ግን ጉድ ፈላ! ቁጥሩን ስይዝ ድምፁ ያመልጠኛል፣ ድምፁን ስይዝ ቁጥሩ ይጠፋኛል። ልጄ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ የሱቁን ቁልፍ ዳበስኩ።

ሐኪሟ የጭንቅላቴን ሥዕል አሳየችን። ለቀላል ሥራ የወጣት ሰው አንጎል አንድ ወገኑ ይበቃዋል፣ ሲያረጅ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ወገን ይነሣል አለች። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ ድሮ ኪስ ለመትከል አንድ ሠራተኛ ይበቃኝ ነበር፤ ዛሬ የቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ተረባርቦ ይተክላታል። ኪሷስ አምራ ትተከላለች። ችግሩ ሁለተኛ ደንበኛ ሲገባ የሚቀበለው መጥፋቱ ነው። "ታዲያ በሽታ ነው?" አለች ልጄ። "በሽታስ አላየሁም። ዕድሜ ነው፤ አንድ በአንድ ይሥሩ" አለች ሐኪሟ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያ ሁሉ ሠራተኛ ውስጤ ሲራወጥልኝ እኔ ሰነፍክ እያልኩ ስሰድበው ከርሜያለሁ።

ልጄ ደረጃው ላይ አቅፋኝ ሳቀችም አለቀሰችም፣ ሁለቱን ባንዴ። ገና ወጣት ናት፣ ትችላለች።

አሁን ሱቄ ሕግ አለው፤ እግሬ መርገጫው ላይ ሳለ ማንም አያናግረኝም። ባለካውያውም መኪናዋ እስክትቆም በሩ ላይ ይጠብቃሉ። ያን ጥያቄ ግን አልደገሙትም። መልሱን ከኮቱ ጋር ሰፍቼ ያስቀረሁት መስሏቸው ይሆናል።

እባክሽ የወገብሽንና የትከሻሽን ልክ ላኪልኝ። የአሁኑን ነው፤ እንደ ልማድሽ የወጣትነትሽን እንዳትልኪ። የድግስ ቀሚስሽን ጨርቅ መርጫለሁ፤ የምን ድግስ እንደሆነ አትጠይቂኝ። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን በሳቅ ይሙላልሽ።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ ሱቁን እከፍታለሁ። መኪናዬን ዘይት እቀባታለሁ፣ ግን አላስነሣትም። ያን ቀሚስ ለባለካውያው ወስጄ ጠርዙን እንዲተኩሱልኝ እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ ባዶ እጄን ቁጭ ብዬ፣ "ያን ዕለት ምን ነበር ያሉኝ?" እላቸዋለሁ።

ታላቅ እህትሽ