ስለ መምህር ይርሳው ገደፋው ዕረፍትና ስለ ቀረው የግሽ ዓባይ–ቡሬ የእግር መንገድ

ከዳሞት የእግር ጉዞ ወዳጆች ማኅበር
ፍኖተ ሰላም

የማኅበራችን መሥራችና የጋራ ድረ ገጻችን ኃላፊ መምህር ይርሳው ገደፋው ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ማኅበሩ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ለመግለጽ ቃል ያጥረዋል። እውነቱን ለመናገር፣ አንጀታችን ተቆርጧል።

መምህር ይርሳው ቡሬ ተወልደው ያደጉ፣ በፍኖተ ሰላምና በአካባቢዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች የሰውነት ማጎልመሻ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ የተገለሉ ነበሩ። ጡረታ ግን ለእርሳቸው መቀመጥ አልነበረም።

በ2011 ዓ.ም. ማንኛውም ሰው የሚያውቀውን የእግር መንገድ የሚጠቁምበትን፣ ሌላውም አይቶ የሚጓዝበትን ድረ ገጽ ከአባላት ጋር አቋቋሙ። በመጀመሪያው ዓመት መንገዱን የሰበሰብነው ገበያ እየወጣን ባላገሩን በመጠየቅ ነበር። በአገራችን ደግሞ መንገደኛን «ሩቅ ነው» ማለት ነውር ነው፤ ልቡ እንዳይደክም «እዚችው ናት» ይባላል። እኛም የተባልነውን ሁሉ እንደ ወረደ ለጠፍነው። የኛን ገጽ አምነው ወደ ፈጠም ወንዝ የወረዱ እንግዶች መሸባቸውና ከማያውቁት ገበሬ ቤት አደሩ። ባለቤቶቹ እግራቸውን አጥበው፣ አብልተው አሳደሯቸው እንጂ የከፋም ሊመጣ ይችል ነበር።

በ2012 ዓ.ም. መምህር ይርሳው «ያልተረገጠ መንገድ አይወጣም» የሚለውን ደንብ አስጸደቁ። አባል በእግሩ ሄዶ ሳያረጋግጠው አንድም መንገድ አይለጠፍም ማለት ነው። ደንቡ ብዙዎቻችንን አስመርሮናል፤ መቼስ እርሳቸውን ማን ይችላቸዋል! ዛሬ ግን ከአዴትና ከሊበን ዙሪያ ሳይቀር ተጠቁመው የወጡት መንገዶች እንግዳን በጊዜ የሚያደርሱ ናቸው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መምህር ይርሳው ከግሽ ዓባይ እስከ ቡሬ የሚዘልቀውን ረጅም መንገድ ይዘው ነበር። ወደ ትውልድ ቀያቸው የሚያስገባ ነውና ከሁሉ አብልጠው ይወዱት ነበር። በበጋ በበጋው አብዛኛውን ረገጡት። ወደ ቡሬ የሚወርደው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ሲቀር ታመሙ።

ሥራ አመራሩ፣ ተጠናቆ በዓይናቸው እንዲያዩት በማሰብ፣ የቀረውን ክፍል በግምት ሞልቶ ለመልቀቅ ፈቃዳቸውን ጠየቀ። «እኔን ደስ ይበለው ብላችሁ ሰው ሜዳ ላይ ልታስመሹ ነው? ተዉኝ እባካችሁ!» ብለው ተቆጡን። በጥቅምት አባላት ክፍሉን ሊረግጡ ወጡ። ዝናቡ አላባራ ብሎ ወንዙ እንደ ሞላ ነበርና ከመንገድ ተመለሱ፤ መመለሳቸውን ግን ለመምህር ይርሳው አልነገርናቸውም።

ባረፉበት ሳምንት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ያምሮትን «ልጆቹ የት ደረሱ? ቡሬ ስንት ቀራቸው?» ብለው ስለ አባላቱ ጠየቁ። ወይዘሮ ያምሮትም «አይዞዎት፣ እዚችው ናት» አሏቸው። መምህር ይርሳው «እንግዲያው ሩቅ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ይህን የነገሩን ወይዘሮ ያምሮት ራሳቸው ናቸው፤ እያለቀሱም፣ እየሳቁም።

ለወይዘሮ ያምሮት፣ ለልጃቸው ለትርሲት፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸውና አብረዋቸው ለተጓዙ ሁሉ ማኅበሩ መጽናናትን ይመኛል። ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

የግሽ ዓባይ–ቡሬ መንገድ በደንቡ መሠረት እስካሁን አልወጣም። የአርባ ቀን መታሰቢያቸው በተፈጸመ ማግስት አባላት የቀረውን ክፍል ለመርገጥ ይነሳሉ። መንገዱ በስማቸው ተሰይሞ የሚለጠፈው በእግራችን ቡሬ ስንገባ ነው። አብሮን መሄድ የሚፈልግ ሁሉ ስንቁን ይያዝ፣ ጎሕ ሲቀድ ፍኖተ ሰላም ይገኝ።

ሩቅ ነው።