ሐናንያ የሚባል አማች

ቅዳሜ፣ ጥር 14 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ አዳማ

ዛሬ ሦስት ሽማግሌዎች ልጄን ማርታን ለአንድ ሹፌር ሊጠይቁ ከሁሩታ መጡ። እንደ ወጉ ቆመው ስሙን ሐናንያ ሲሉኝ መሬቱን ሸጦ ከዋጋው የሸሸገው፣ ጴጥሮስ ፊት ዋሽቶ የሞተው ሐናንያ ታወሰኝ። ይኼኛውስ ምን ደብቆ ይሆን? "ተቀመጡ" እንኳ ሳልላቸው በቀጠሮ ሸኘኋቸው።

ማርታ ምክንያቴን ስትሰማ ሳቀች።

"አባዬ፣ የጳውሎስን ዓይን ያበራውም እኮ ሐናንያ ነው።"

"ኤርምያስ ላይ የተነሳው ሐሰተኛ ነቢይም ሐናንያ ነው" አልኳት።

"አንተ ደግሞ! እሱ የጭነት መኪና ነዳ እንጂ መቼ ትንቢት ተናገረ?"

ለጸሎት ስቆም ግን ራሴን ጠረጠርኩ። እናቷ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ጌታዬ፣ ዮሐንስ ቢባል ኖሮስ እሰጠው ነበር?